ከመሪው ሥር ያለ ማርሽ፦ የተቀደደ ጎሚኒ አቀያየር

በአንዳንድ ፒክአፖችና የጭነት መኪኖች የማርሽ እጀታው ከወለሉ ሳይሆን ከመሪው ሥር ይወጣል። እጀታው ወደ መሪ አምዱ የሚገባበትን ክፍተት ሸብሸብ ያለ ጥቁር ጎማ ይዘጋዋል፤ በዚህ ጽሑፍ ጎሚኒ የምለው እሱን ነው። መኪናው ሲያረጅ ጎሚኒው መጀመሪያ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ ጠርዙ ከመሸፈኛው ይለቃል፣ በመጨረሻም ተበጣጥሶ እጀታው ላይ ይንጠለጠላል። ጌጥ ስለሚመስል ማንም አይቸኩልለትም። እኔ ግን መቸኮል ይገባል ባይ ነኝ።

ምክንያቱ ከጎሚኒው በስተጀርባ ያለው ነገር ነው። እጀታው የተሰካበት ቀለበት፣ ቀለበቱ የሚዞርባቸው የፕላስቲክ ቡሺንጎች፣ ዳሽቦርዱ ላይ የማርሹን ቦታ የምታሳየውን ጠቋሚ የምትጎትት ቀጭን ገመድ፣ በአንዳንዶቹም እጀታው ጫፍ ላይ ላለው የኦቨርድራይቭ (የከፍተኛው ማርሽ) ቁልፍ የሚሄዱ ቀጫጭን ሽቦዎች እዚያው ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ጎሚኒው ሲቀደድ አቧራና አሸዋ ገብቶ ከድሮው ግሪስ ጋር ይቦካና ቡሺንጎቹን ይፈጫል። የሞተር ድምፅና ንፋስም በዚያው ይገባል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን በክፍተቱ ሾልኮ የሚገባ ጠንካራ ነገር ነው፤ ሳንቲም፣ የእስክሪብቶ ክዳን ወይም ትንሽ ብሎን ማርሽ የሚያንቀሳቅሰው አካል መካከል ከተሰነቀረ እጀታው ሙሉ በሙሉ ቦታው ሳይደርስ ሊቆም ይችላል።

ጎሚኒው ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ ማወቅም አዲሱን ለማቆየት ይረዳል። እጀታውን ወደ ራሳችን ስበን ወደ ታች ባወረድነው ቁጥር ጎማው በዚያው አንድ ጎን ይታጠፋል፤ ስንጥቁም ብዙ ጊዜ እዚያ ይጀምራል። በፊት መስታወት የሚገባው ፀሐይና የጋቢናው ሙቀት ጎማውን ያደርቁታል። ዳሽቦርድ ለማብረቅ የሚቀቡ፣ የነዳጅ ተዋጽኦ ያለባቸው ቅባቶች ደግሞ ለጊዜው ያጠቁሩታል እንጂ ውለው አድረው ያበላሹታል።

ሥራው ከባድ አይደለም። መሪውን መንቀል አያስፈልግም፣ ካምቢዮው አይነካም። ረጋ ብሎ ለሚሠራ ሰው የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው፤ እጀታውን የሚይዘው ፒን ካልዛገ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ይያዝልኝ፦ ጎሚኒውን ለመቀየር እጀታውን መንቀል የግድ ነው፤ መኪናውን ፓርክ ላይ (አውቶማቲክ ካምቢዮ መኪናውን ቆልፎ በሚያቆምበት የማርሽ ቦታ) አስገብቶ የሚያቆመውም ይኸው እጀታ ነው። ስለዚህ የምንሠራው የጎማ ሥራ ቢመስልም የምንመልሰው የደኅንነት ክፍል ነው።

ትክክለኛውን ጎሚኒ ማግኘት

የአንዱ ዓመት ጎሚኒ ለሌላው ዓመት ላይሆን ይችላል፤ ሞዴሉ አንድ ዓይነት ቢሆንም እንኳ። ከመግዛትዎ በፊት መኪናው የተሠራበትን ዓመት፣ መሪው ከፍ ዝቅ የሚል ወይም ባለበት የቆመ መሆኑን፣ ካምቢዮው አውቶማቲክ ወይም በእጅ የሚቀየር መሆኑን፣ እጀታው ጫፍ ላይ የሚጫን ቁልፍ መኖር አለመኖሩን ይመዝግቡ። የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ መሄድ ከሁሉ ይሻላል፤ ሻጩ በቁጥሩ ትክክለኛውን ዕቃ ማውጣት ይችላል። ከመሪው ሥር ባለ 3 ፍጥነት የእጅ ማርሽ ያላቸው የአሜሪካ ፒክአፖች እስከ እ.ኤ.አ. 1987 ድረስ ይሠሩ ነበር፤ በእነዚያም የእጀታው አነቃቀል ተመሳሳይ ነው፣ ልዩነቱ ከታች የምነግርዎ የፓርክ ፍተሻ እነሱን አይመለከትም።

አዲሱ ሲመጣ ከመኪናው ላይ ካለው ጋር ያስተያዩት። ሦስት ቦታ ይመልከቱ፦ እጀታው የሚያልፍበትን ቀዳዳ ስፋት፣ ከመሸፈኛው ፕላስቲክ ጋር የሚነክሰውን የጠርዙን ቦይ፣ እንዲሁም ጎማው እንዳይዞር የምታደርገውን ትንሽ ምላስ ካለችው። ከዚያ በጣትዎ አጠፍ ያድርጉት። መደርደሪያ ላይ ለዓመታት የተቀመጠ ጎማ ሲታጠፍ ጥቃቅን ስንጥቅ ያወጣል፤ እንዲህ ከሆነ ገና ሳይገጠም ያረጀ ነውና ይመልሱት።

እጀታ ከመንቀል ለመዳን ሲሉ አዲሱን ጎሚኒ በምላጭ ሰንጥቀው ዙሪያውን አልብሰው በማጣበቂያ የሚዘጉ አሉ። አልመክርም። የሚሰነጠቀው ቦታ የሚታጠፍ ቦታ ነው፤ ማጣበቂያው ደግሞ ሲደርቅ እንደ ጎማው አይሳብም። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይከፈታል፤ ያኔ አዲሱም አሮጌውም የለም። የማይቻል ሆኖ ካልተገኘ በስተቀር ሙሉ ጎሚኒ ይግጠሙ።

የሚያስፈልግ መሣሪያ

ባለ መስቀልና ባለ ኮከብ አፍ ካቻቢቴዎች፣ ትናንሽ ቡሶላዎች፣ ፒንሳ፣ መካከለኛ መዶሻ፣ ጫፉ እኩል የሆነ ቀጥ ያለ የፒን ማውጫ ብረት፣ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት፣ የእጅ መብራት፣ ጠንካራ ክር፣ ለጎማዎቹ ታኮ። የፒን ማውጫው ውፍረት ከፒኑ ጥቂት ያነሰ መሆን አለበት። ጫፉ እየሾለ የሚሄድ ብረት ወይም ሚስማር አይጠቀሙ፤ የፒኑን አፍ ከፍቶ ቀዳዳው ውስጥ ያስጨንቀዋል። ሲ ቅርጽ ያላት ትንሽ የእጅ ሞርሳ ካለችዎ ደግሞ ይዘው ይጠብቁ፤ የምትጠቅምበት ቦታ ይመጣል።

አዲስ ፒንም አብረው ይግዙ። አሮጌው ተመልሶ ሊገባ ይችላል፤ ነገር ግን ይህ ፒን የሚይዘው በመለጠጥ ኃይሉ ነው፣ አንዴ ከወጣ በኋላ የቀድሞው ጥብቀት አይኖረውም።

ከመጀመርዎ በፊት

መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙ። የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ የሁለት ጎማዎችን ፊትና ኋላ በታኮ ይዝጉ። የእጅ ፍሬኑን ብቻ አምኖ መቀመጥ አይገባም፤ እጀታው በሌለበት ጊዜ በእጅዎ ወይም በመሣሪያ ቀለበቱን ሳያስቡት ቢገፉት ካምቢዮው ከፓርክ ሊወጣ ይችላል።

አሁን ቁልፉን ከፍተው ፍሬን ረግጠው ማርሹን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ያንቀሳቅሱ፤ ሞተሩ አይነሳ። የሚፈልጉት ፒኑ በደንብ የሚታይበትንና የማውጫ ብረትዎ ከመሪው ወይም ከዳሽቦርዱ ጋር ሳይጋጭ ቀጥ ብሎ የሚገባበትን ቦታ ነው። በአንዳንዱ መኪና ይህ ፓርክ ላይ ነው፣ በሌላው ማርሹ ወደ መጨረሻው ታች ሲወርድ ነው። ይህን አሁን መወሰን ያለብዎ ባትሪው ከተፈታ በኋላ ብዙ መኪኖች ከፓርክ ስለማይወጡ ነው፤ ፍሬን ካልተረገጠ ማርሹን የሚቆልፈው አካል የሚለቀቀው በኤሌክትሪክ ነው። ማርሹ ከፓርክ ውጪ ከሆነ ቁልፉ ከቦታው ላይወጣ ይችላል፤ አጥፍተው ይተዉት፣ ችግር የለውም።

ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ፣ ጫፉንም ተመልሶ እንዳይነካ በጨርቅ ጠቅልለው ራቅ ያድርጉ። መኪናው ኤርባግ ካለው ኃይል የሚያከማቸው ክፍል እስኪፈስ መጠበቅ ያስፈልጋል። የመኪናው መመሪያ ደቂቃውን ይነግርዎታል፤ እኔ ለማንኛውም 15 ደቂቃ እተዋለሁ፣ በዚያ ጊዜ መሣሪያ አዘጋጃለሁ። መሪ አምዱ አካባቢ ቢጫ መልክ ያለው የሽቦ ማገናኛ ካዩ የኤርባግ ነው፤ አይንቀሉት፣ በመለኪያም አይንኩት።

መሸፈኛውን ማውጣት

መሪው ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ወደ ታች ያውርዱት። መሪውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ትንሽ እጀታ በብዙዎቹ ወደ ግራ ሲዞር ተፈትቶ ይወጣል፤ ካልወጣ መሸፈኛው ሳይነካው ያልፍ እንደሆነ ይመልከቱ። አንዳንዱ መኪና ከመሪው በታች ያለው ትልቁ የዳሽቦርድ ፕላስቲክም እንዲወጣ ይፈልጋል።

መሪ አምዱን የሚሸፍነው ፕላስቲክ ሁለት ግማሽ ነው፣ የላይና የታች። ብሎኖቹ የሚፈቱት ከታች ነው። ሁሉም እኩል ርዝመት ላይኖራቸው ይችላል፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ውስጥ ካለው ሽቦ ወይም ተንቀሳቃሽ አካል ጋር ይጋጫል። ስለዚህ አንድ ካርቶን ላይ የመሸፈኛውን ቅርጽ ይሣሉና እያንዳንዱን ብሎን ከወጣበት ቦታ ላይ ይውጉት። ቀላል ነገር ነው፤ ሲመልሱ የሚያድንዎ ግን እሱ ነው።

ብሎኖቹ ከወጡ በኋላ ሁለቱ ግማሾች በጎን በኩል በመንጠቆ ተያይዘው ይቀራሉ። ጫፉ ሰፊ በሆነ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ በቀስታ ያላቋቸው። ያረጀ ፕላስቲክ በብርድ ይሰበራል፤ ጋቢናው ሞቅ ሲል መሥራት ይሻላል። የታችኛው ይወርዳል፣ የላይኛው ወደ ላይ ይነሳል። የጎሚኒው ጠርዝ በሁለቱ መካከል ተነክሶ ስለሚቀመጥ መሸፈኛው ሲከፈት አሮጌው ጎሚኒ ይለቃል።

እዚህ ጋ ቆም ብለው ፎቶ ያንሱ። የትኛው ሽቦ በየት እንደሚያልፍ፣ የጎሚኒው ሰፊ ጎን ወደ የት እንደሚያይ፣ የማርሽ ጠቋሚዋ ቀጭን ገመድ የት እንደተያያዘች። ያቺን ገመድ አይንኳት። ማስተካከያዋ ትንሽ ፕላስቲክ ናት፣ ስታረጅ በቀላሉ ትሰበራለች፤ ከተሰበረች ማርሹ በትክክል እየሠራ ጠቋሚው የውሸት ቦታ ያሳያል።

እጀታው ጫፍ ላይ ቁልፍ ካለ ሽቦዎቹ በእጀታው ውስጥ አልፈው ወደ አምዱ ይወርዳሉ። ማገናኛቸውን ከአምዱ በታች ፈልገው ይንቀሉ። ሽቦው በጠባብ ቦታ የሚያልፍ ከሆነ ከመሳብዎ በፊት ጫፉ ላይ ክር ይሰሩበት፤ ሽቦው ሲወጣ ክሩ በቦታው ይቀራል፣ ሲመልሱም ሽቦውን መንገዱን ሳይስት ይስብልዎታል።

ፒኑ

ሥራው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፤ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ እጀታዎ በምን እንደተያዘ ያጣሩ። በአንዳንድ መኪኖች ሥሩ ላይ በባለ ኮከብ ብሎኖች ይታሰራል፤ እንደዚያ ከሆነ ፈትተው ማውጣት ብቻ ነው፣ ወደሚቀጥለው ክፍል ይለፉ። በብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ግን የእጀታውን ሥርና ቀለበቱን አሳብሮ የሚያልፍ ፒን ነው። ይህ ፒን ድፍን ብረት አይደለም፤ ጠንካራ ላሜራ ተጠቅልሎ የተሠራ፣ በአንድ ጎኑ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ ባዶ ቧንቧ ነው። ከቀዳዳው ትንሽ ስለሚሰፋ ተጨምቆ ይገባል፣ ከገባ በኋላም ራሱን እየከፈተ ግድግዳውን ይይዛል።

ቀለበቱ ግን እንደ ፒኑ ጠንካራ አይደለም። ብዙ ጊዜ በቅርጽ የተቀዳ ቀላል ብረት ነው፤ በመዶሻ አጉል ከተመታ ጆሮው ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ ደግሞ የአንድ ጎሚኒ ሥራ መሪ አምዱን ወደ መፍታት ይሄዳል። ትዕግሥት የምጠይቅዎ ስለዚህ ነው።

ዝገት ማላቀቂያ ዘይቱን በፒኑ በሁለቱም ጫፍ ጠብ ያድርጉ። ከታች ጨርቅ ያንጥፉ፤ ዘይቱ ሽቦና ፕላስቲክ ላይ እንዳይፈስ። ለተወሰነ ጊዜ ይተዉት፣ ደግመው ይጨምሩ። ዘይቱ ሠርቷል ብለው ወዲያው አይምቱ።

ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። እኔ የምመርጠው መግፋትን ነው። በፒኑ መውጫ በኩል ፒኑን የምትውጥ ትንሽ ቡሶላ ያስቀምጡ፤ በመግቢያው በኩል አጭር የፒን ማውጫ ብረት ይደግኑ፤ ሁለቱን በሲ ሞርሳዋ ይጨብጡና ቀስ ብለው ያጥብቁ። ኃይሉ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ቀለበቱ አይታጠፍም፣ አምዱም አይመታም። ፒኑ በመጀመሪያ ጠቅ የሚል ድምፅ አሰምቶ ይነቃነቃል፤ ከዚያ ወዲያ ይቀላል። ሞርሳዋ ሙሉ በሙሉ ልታወጣው ባትችል እንኳ ማነቃነቋ በቂ ነው፤ የቀረውን በመዶሻ ቀላል ምት ይጨርሱታል።

ለሞርሳ ቦታ ከሌለ መዶሻ ይጠቀማሉ። ያኔ ረዳት ያስፈልግዎታል፤ ረዳቱ በምቱ ተቃራኒ በኩል እንጨት ወይም ከባድ ብረት ቀለበቱ ላይ አጥብቆ ይያዝ። ምቱን የሚቀበለው ያ ነገር እንጂ የመሪ አምዱ መሆን የለበትም። ብረቱን በፒኑ መሐል ቀጥ አድርገው አጭርና ጥርት ያለ ምት ይስጡ፤ ከትልቅ ምት ይልቅ ተደጋጋሚ ትንሽ ምት ይሠራል። ካልተነቃነቀ ዘይት ይጨምሩና ይጠብቁ። ፒኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲወጣ ሆኖ የተገጠመበት መኪናም አለ፤ በአንዱ ጫፍ ቀዳዳው ጠበብ ያለ ከሆነ ከዚያ በኩል ነው የሚገፋው፤ ድፍን ከሆነ ደግሞ ጭራሹን በዚያ በኩል አይወጣም። ከመምታትዎ በፊት ሁለቱንም ጫፍ በመብራት ይዩ።

ፒኑ መውጣት ከጀመረ በኋላ ጫፉን በፒንሳ ይዘው እያዞሩ ይሳቡት። ወድቆ አምዱ ውስጥ እንዳይገባ በሌላ እጅዎ ይጠብቁት።

እጀታውን ማውጣትና ያለውን ማየት

አሁን እጀታው ወደ እርስዎ ሲሳብ ይወጣል። ሽቦ ካለው በቀስታ፤ ክሩ ተከትሎ መግባቱን እያዩ። አንዳንዱ እጀታ ሥር ትንሽ ስፕሪንግ ወይም ሮንዴላ ትኖራለች፤ የተቀመጠችበትን አቅጣጫ ሳያዩ አያንሷት።

ጎሚኒውን ከመግጠምዎ በፊት ትንሽ ጊዜ ይስጡ። ቀለበቱን በመብራት ይመርምሩ፤ የፒኑ ቀዳዳ ክብ ነው ወይስ ሞላላ ሆኗል? የእጀታው ሥር ተበልቷል? ቀለበቱን በጣት ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቢነቀንቁት ይላላል? እጀታቸው ከላይ እስከ ታች የሚወዛወዝ መኪኖች ብዙ ጊዜ ችግራቸው ከእነዚህ አንዱ ነው። ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ አዲስ ፒንም አይይዘውም፤ ወፍራም ፒን ፈልጎ በግድ ማስገባት ቀለበቱን ይሰነጥቃል። ቡሺንጎቹ ካለቁ ደግሞ አሁን የከፈቱትን ዘግተው ነገ እንደገና ከመክፈት በዚሁ መቀየር ይሻላል።

ያረጀውን ግሪስና አቧራ በደረቅ ጨርቅና በቀጭን ብሩሽ ያጽዱ። ነዳጅ ወይም ቀለም ማቅጠኛ አይጠቀሙ፤ ፕላስቲኩን ያኮማትራል። በሚፋተጉት ቦታዎች ላይ ስስ ነጭ ግሪስ ይቀቡ። ብዙ ግሪስ አቧራ ይሰበስባል።

አዲሱን ማልበስ

ጎሚኒው በእጀታው ላይ ከሥሩ በኩል ይገባል፤ ጫፉ ላይ ያለው እጅ መያዣ ስለሚሰፋ በዚያ በኩል አያልፍም። ጎማው ጠንክሮ ካስቸገረ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይንከሩት፣ ይለሰልሳል። ለማንሸራተት የሳሙና ውኃ ወይም የሲሊኮን ቅባት በቂ ነው። የሞተር ዘይትና ተራ ግሪስ ጎማ እንዲያብጥ ሊያደርጉ ስለሚችሉ ይራቁት።

ከማስገባትዎ በፊት አቅጣጫውን ከፎቶዎ ጋር ያመሳክሩ። ተገልብጦ የገባ ጎሚኒ ይገጠማል፣ ሲያዩትም ደህና ይመስላል፤ ማርሹ ሲወርድ ግን በአንድ ጎን ይወጠራል። ስለዚህ ነገር ከታች እመለስበታለሁ።

እጀታውን ወደ ቀለበቱ ሲመልሱ መጀመሪያ ሽቦውን በክሩ ይሳቡ፤ ሽቦው ከእጀታው ሥርና ከቀለበቱ መካከል እንዳይቆነጠጥ። ሁለቱ ቀዳዳዎች በትክክል መገጣጠማቸውን ለማወቅ የፒን ማውጫውን ብረት በባዶው ያስገቡ፤ ያለግፊት ከጫፍ ጫፍ ካለፈ ትክክል ነው። ከዚያ አዲሱን ፒን በሞርሳዋ ወይም በቀላል ምት ያስገቡ፤ ረዳቱ አሁንም ተቃራኒውን ይያዝ። ሲጨርሱ የፒኑ ሁለቱ ጫፎች ከቀለበቱ ውጪ መታየት የለባቸውም። የወጣ ጫፍ አዲሱን ጎሚኒ ከውስጥ ይቆርጠዋል፣ ወይም መሸፈኛውን ይነካል። እጀታው በብሎን የሚታሰር ከሆነ በመመሪያው ላይ በተጻፈው ኃይል ያጥብቁ፤ አሮጌው ብሎን ላይ የደረቀ ማጣበቂያ ካለ አዲስ የብሎን ማጣበቂያ ይጨምሩ።

መሸፈኛውን ሳይመልሱ እጀታውን ይዘው ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይነቅንቁት። መላላት ካለ አሁን ነው የሚታወቀው።

ቀጥሎ የላይኛውን መሸፈኛ ያስቀምጡና የጎሚኒውን ጠርዝ በቦዩ ውስጥ ዙሪያውን በጣት ያስገቡ፤ ከዚያ የታችኛውን ያምጡ። ሁለቱ ሳይዘጉ የሚቀሩ ከሆነ ጎማው መካከላቸው ተጨምቋል፤ በብሎን ኃይል አይዝጉት፣ ከፍተው ያስተካክሉ። ብሎኖቹ ፕላስቲክ ውስጥ ስለሚገቡ ጥርሳቸውን ማበላሸት ቀላል ነው። እያንዳንዱን ብሎን መጀመሪያ ወደ ግራ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ጠብ ሲል ይሰማዎታል፣ የድሮው ጥርስ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ በእጅ ያጥብቁ። የኤሌክትሪክ ማጥበቂያ እዚህ ቦታ የለውም።

ፍተሻ

ታኮው ገና ከጎማው ሥር ይሁን። ባትሪውን ይመልሱ፣ ቁልፉን ይክፈቱ፣ ፍሬን ይርገጡና ማርሹን ከፓርክ እስከ መጨረሻው ቀስ ብለው ያውርዱ፣ ይመልሱ። ዓይንዎ ጎሚኒው ላይ ይሁን። በየትኛውም ቦታ ላይ መወጠር ወይም መሸብሸብ የለበትም። እጀታውን በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ለቀው ያዩት፤ ጎማው ስቦ ትንሽ እንኳ የሚያንቀሳቅሰው ከሆነ ይክፈቱና ያስተካክሉ።

ይህን አጥብቄ የምለው ፓርክ ላይ ያለ የሚመስል፣ ግን ያልገባ ማርሽ ሰው ስለሚገድል ነው። እጀታው በፓርክና በሪቨርስ መካከል ከቆመ ሾፌሩ ፓርክ ያስገባ መስሎት ይወርዳል፤ ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ትንሽ መንቀጥቀጥ ወደ ሪቨርስ ይጥለዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስለ ፎርድ መኪኖች በዚህ ዓይነት ብዙ አቤቱታ ቀርቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ኩባንያው ከአገሪቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ጋር በደረሰበት ስምምነት ከ1966 እስከ 1980 የተሠሩ ወደ 23 ሚሊዮን ለሚጠጉ መኪኖች ባለቤቶች የማስጠንቀቂያ ተለጣፊ ልኳል። ማስጠንቀቂያው ማርሹ ፓርክ ውስጥ በደንብ መግባቱን አረጋግጡ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ሞተር አጥፉ የሚል ነበር። የዚያ ችግር ምንጭ ጎሚኒ አልነበረም፤ ነገር ግን የእጀታው ትንሽ አለመድረስ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያሳያል። በመጥፎ የተገጠመ ጎማም ይህንኑ ትንሽ አለመድረስ ሊፈጥር ይችላል።

ስለዚህ ፓርክ ላይ አስገብተው እጀታውን ወደ ራስዎ ሳይስቡ ወደ ታች ይግፉት። መውረድ የለበትም። ወደ ራስዎ ሲስቡት ብቻ፣ ፍሬን በሚፈልግ መኪና ደግሞ ፍሬን ተረግጦ፣ መልቀቅ አለበት። ቁልፉም መውጣት ያለበት ፓርክ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጠቋሚ እያንዳንዱን ፊደል በትክክል ማሳየቱን ይመልከቱ፤ ካልሆነ ያቺ ቀጭን ገመድ ተነክታለች፣ ማስተካከል ያስፈልጋታል።

ከዚያ ፍሬን እንደረገጡ ሞተሩን በፓርክ ያስነሱ፣ ያጥፉ፣ በኑትራል ያስነሱ፣ ያጥፉ። በሪቨርስና በድራይቭ ላይ ቁልፉን ሲያዞሩ መነሳት የለበትም። ሪቨርስ ላይ የኋላ ነጭ መብራት መብራቱን ሌላ ሰው ይይልዎ። የኦቨርድራይቭ ቁልፍ ካለ ተጭነው ዳሽቦርዱ ላይ ምልክቱ መምጣትና መጥፋቱን ያረጋግጡ። የኤርባግ መብራት ጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ መኪናውን ከመንዳት በፊት የሚያውቅ ባለሙያ ይየው።

በመጨረሻ ታኮውን አንስተው ጥቂት ዘንበል ያለ፣ ፊት ለፊቱ ሰውም ዕቃም የሌለበት ቦታ ይሂዱ። ፍሬን ረግጠው ፓርክ ያስገቡ፣ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ፣ የእግር ፍሬኑንም ቀስ ብለው ያንሱ። መኪናው ጥቂት ተንቀሳቅሶ ይቆማል፤ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ጥርስ ያዘው ማለት ነው። መንሸራተቱ ከቀጠለ ወዲያውኑ ፍሬን ይርገጡና ሥራውን እንደገና ይክፈቱ።

አዲሱ ጎሚኒ ከተቀመጠ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ሁለት ጊዜ ጠርዙን በጣት ዙሪያውን ይዳስሱት። ሙቀት ሲያገኘው ጎማው ቅርጹን ይይዛል፤ በቦዩ ውስጥ በደንብ ያልገባ ቦታ ካለ ያኔ ብቅ ይላል፣ በጣት ተመልሶ ይገባል። ለጽዳት እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል።